ለየትኛው ውሃ፣ በየትኛው እጅ

ድካም ብዙ ዓይነት ነው። ሲተኙበት የሚለቅ አለ፤ አብሮ ተኝቶ አብሮ የሚነሳም አለ። በሐይቁ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የምትሸጠውን ሴት የያዛት ሁለተኛው ነበር። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ አጠገቧ ይቆማል፤ ማታ በሩን ስትዘጋ ቁልፉን ያቀብላታል። አብረው ከመኖራቸው ብዛት፣ ሰው «ደከመሽ እንዴ?» ሲላት «ኧረ እኔ ደህና ነኝ» ትልና ከልቧ ትገረም ነበር።

የአካባቢው ሰው «ባለዝንቧ» ይላታል። ከላባና ከሐር ክር ዝንብ የምትመስል ነገር ትሠራና መንጠቆ ላይ ትቋጥራለች፤ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳታል። ሱቁ የአማቷ ነው፤ እሷ አባባ የምትላቸው፣ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጆሯቸው ግን የድመት የሆነ ሽማግሌ። ባሏ፣ የአባባ ልጅ፣ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውና ምራታቸው ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። ስለ ሟቹ ብዙ አያወሩም። ሲያነሱትም «እሱ» ይላሉ እንጂ በስሙ አይጠሩትም፤ እየቆየ ያም ቀነሰ። ሐዘን በእንግድነቱ ሰሞን ብድግ ብለው ይቀበሉታል፤ ቤተኛ ሲሆን ግን ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁለታል እንጂ ማንም አይነሳለትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። ማን እንደሆነ ለማየት ቀና አላለችም። በዚያ ሰዓት በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ካፒቴኑ ሰውና ዕቃ ከወዲህ ዳር ወደዚያ ዳር የሚያሻግረውን የሐይቁን ጀልባ የሚነዳ፣ ፂሙን ሽበት የቀላቀለው፣ ከውሃው በቀር ቤተሰብ ያለው የማይመስል ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት «በውሸት ዝንብ የእውነት ዓሣ የሚይዙት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ገባ። አወራወሩን አስተማረችው። መዘውር ስላልነበረው የሱቁን አሮጌ መዘውር አዋሰችው። መዘውር ማለት ከዘንጉ እጀታ ሥር ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለው ክብ ዕቃ ነው፤ ያለ እሱ ዘንግ ዱላ ነው። ያ አሮጌ መዘውር ፍሬን የሌለው፣ እንደ ድሮ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል፣ በቀኝም ሆነ በግራ እጅ ቢያዞሩት ግድ የማይሰጠው ዕቃ ነበር። ካፒቴኑ በየቅዳሜው ይመልሰዋል፤ ጥቂት ተጫውቶ ደግሞ ይዋሰዋል። ልግዛ ብሎ አያውቅም። ልሽጥልዎት ብላውም አታውቅም። የተዋሰ ሰው ይመለሳላ።

ዛሬ ግን መዘውሩን ጠርጎ፣ በመሀረብ ጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ አኖረና እጁን ሰበሰበ።

«ለመመለስ ነው የመጣሁት» አለ። «ለመዋስ አይደለም።»

«ዓሣው ሰለቸዎት?»

«የራሴን ልገዛ ነው።»

የምትቋጥረው ክር ከጣቷ አመለጠ። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር። ሐይቁ ላይ የተሠራው ድልድይ ተከፍቷል፤ ጀልባዋ ትናንት የመጨረሻ ጉዞዋን አድርጋለች፤ ካፒቴኑ ሩቅ ባለ የባሕር ወደብ መርከብ በሚጎትት ጀልባ ላይ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ነገ ቀትር ላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የነገራት ሌላ ሰው ነው። ከእሱ አፍ እስክትሰማው ድረስ ወሬ ብቻ አድርጋ ይዛው ነበር።

«ለየትኛው ውሃ ነው?» አለች።

የሱቁ ደንብ ነው። አባባ ሥራውን ሲያስተምሯት ሁለት ጥያቄ ሳይጠየቅ መዘውር አይሸጥም ብለዋታል፤ ለየትኛው ውሃ ነው? በየትኛው እጅ ነው? «ይህን ያልጠየቀ ነጋዴ ብረት ሸጠ እንጂ መዘውር አልሸጠም» ይሉ ነበር።

ካፒቴኑ ዓይኑን ከመደርደሪያው አንስቶ እሷ ላይ አሳረፈው፤ እዚያው አቆየው።

«እርስዎ ይምረጡልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ሻንጣውን የሸከፈ ሰው የሚፈልገው ደግ ሸኚ ነው፣ ብላ አሰበች። ልቧ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ቁጭ አለ። እጇ ግን ሥራው አይጠፋውም፤ ሁለት መዘውር አወረደችና በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ይሄኛው የሐይቅ ነው። ያንሱት እስቲ። ቀኑን ሙሉ ቢወረውሩበት እጅ አያዝልም። ፍሬኑ ለስላሳ ነው፤ ለዚህ ውሃ ይበቃል። የሐይቅ ዓሣ ቢሮጥ የት ይደርሳል? ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው።»

«እንደኛ» አለ ካፒቴኑ።

«ይሄኛው ደግሞ የባሕር» አለች እንዳልሰማች ሆና። «ወፈር ይላል፣ ብዙ ክር ይይዛል። የባሕር ዓሣ አንዴ ከተነሳ መቆሚያ የለውም፤ ስለዚህ ፍሬኑ አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። ዋናው ነገር ግን ጨው ነው። ጨው ብረት ይበላል። እዚህኛው ውስጥ ፍሬኑ በጎማ ስለታሸገ ጨውም አሸዋም አይገባበትም። እንዲያም ሆኖ ከባሕር በወጡ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት።»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል» አለ። «ተረቱን ያወጣው ሰውዬ ባሕር አላየም ማለት ነው።»

ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ እሺ አላላትም።

የሐይቁን መዘውር አንስቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው። «ይሄን ብወስድስ?» አለ። «ይሄ ደስ ብሎኛል።»

ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት። እሷ የሰማችው ግን የገዢ ጥያቄ ነው።

«አይሆንም። ባሕር ላይ ዓመት አይቆይልዎትም። ነክሶ ይቀራል።»

«ባሕር ላይ።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ባሕሩን ነው የመረጡልኝ።»

«ባሕሩን ነው።»

አንድ ነገር ምላሷ ላይ ቀርቶ ነበር። ለሌላው ገዢ ሁሉ ትለዋለች፦ የባሕሩ መዘውር ለሐይቅም ያገለግላል፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ፤ የሐይቁ ግን ለባሕር አይሆንም። ስለዚህ ወዴት እንደሚሆን ላልቆረጠ ሰው የባሕሩ ይሻላል። ዛሬ «ለሐይቅም ያገለግላል» ማለት ደጅ መጥናት መሰላት። ዋጠችው።

መዘውሩን ከፍታ አስተካከለች፤ ዘጋችው፤ ክር ጠቀለለችበት። ጣቶቿ ዓመታት የሠሩትን ሥራ ለመሥራት እሷን አይጠይቋትም። ካፒቴኑ ጣቶቿን ሲያይ ቆየ። ሳጥኑን ስትሰጠው እጃቸው አልተነካካም፤ ሁለቱም ተጠንቅቀዋል።

«ይበርቱ» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«መልካም መንገድ።»

ደወሉ ጮኸ። አሮጌው መዘውር በመሀረቡ እንደተጠቀለለ ባንኮኒው ላይ ቀረ። መሀረቡ ታጥቦ ተተኩሷል። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ የተዋሰውን ዕቃ የሚመልስበትን ጨርቅ ቆሞ ሲተኩስ ታያት። ልትፈታው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

* * *

አመሻሹ ላይ ሾርባ ሠርታ ስታቀርብ አባባ ስልክ ይዘው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ከተማ ሴት ልጃቸው ትደውላለች። ንግግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አልመጣም አልኩሽ እኮ! … አይሆንም። … ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ ምን ታስለፈልፊኛለሽ?» አሉና ዘጉት።

ባለዝንቧ ምክንያቱን የምታውቀው ይመስላታል። ልጃቸው ዳዴ ያለበትን ወለል፣ የሞተበትን ክፍል ጥለው የት ይሄዳሉ? ጠይቃቸው አታውቅም። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ጥሎ መሄድ ደግሞ ለእሷ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ይህን እንደ ግድግዳ ቆጥራው ትኖራለች፤ ሰው ግድግዳን አይከራከርም።

«ምን ሸጥሽለት?» አሉ ማንኪያቸውን እየፈለጉ።

«ለማን?»

«ለንጉሡ! ለማን ይሆናል? ጆሮዬ እንደ ዓይኔ መሰለሽ?»

«የባሕሩን ነዋ። ይምረጡልኝ አለኝ።»

«አንቺም መረጥሽለት።»

«ሥራዬ አይደል?»

«ጎበዝ ነጋዴ!» አሉ። «ሰውዬው አንድ አሮጌ መዘውር ሲያመላልስ የጨረሰው የጫማ ሶል ይሄን ክፍል ይሞላል። ለዓሣ ብሎ መሰለሽ? አንድ ቀን ዓሣ ይዞ ሲገባ አይተሽዋል?»

«ይይዝና ይለቃቸዋል።»

«እህ! መልቀቁንስ አንቺም ተክነሽበታል።»

«አባባ፣ ሾርባው ይቀዘቅዝብዎታል።»

«ይቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ ነገር ለምጃለሁ፤ ከአንቺ ጋር አይደል የምኖረው?»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሐሳቡን ሊቀይር ሲል «የእርስዎ ነገር!» ብላ ሳህኗን ይዛ ተነሳች። አባባ ከኋላዋ «ልጄ…» ብለው ጀመሩ፤ ቀጥለው «ተይው በቃ» አሉ።

ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ውሃው እጇ ላይ እንዲፈስ ተወችው። ለብ ያለ ነበር። ሌላ የሚሞቅ ነገር ከያዘች ስንት ጊዜዋ ነው? ይህን ስታስብ ቧንቧውን ዘጋችው።

* * *

እሑድ ጠዋት ሱቁ ዝግ ሳለ የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ። ካፒቴኑ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ሐይቁን ልሰናበት ወርጄ ነበር» አለ ገብቶ። «አንድ ትልቅ ዓሣ ያዘልኝ። እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም። ሲሸሽ መዘውሩ ዝም ብሎ ለቀቀው፤ ልመልሰው ስል ደግሞ እምቢ አለኝ። ክሩ ተተበተበ፣ ዓሣውም ሄደ።» ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ለወቀሳ አይደለም የመጣሁት። ምናልባት ሳላውቅ ያበላሸሁት ነገር ካለ ብዬ ነው።»

የክሩን ትብትብ ፈታ ፈታ አድርጋ መዘውሩን አነሳች። እጀታውን በግራ በኩል ይዛ ስታዞረው እንደ ጠገበ በሬ ከበዳት። ዕቃውን ገለበጠችና በቀኝ እጇ አዞረችው። እንደ ቅቤ ሄደ። አንዴ ደገመችው። ከዚያ አስቀመጠችውና ከኋላዋ ያለውን ወንበር በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

«ተበላሽቷል?» አለ።

«ምንም አልሆነም። በቀኝ እጅ እንዲጠቀልል አድርጌ ነው የገጠምኩት። ፍሬኑ የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በሌላው እጅ ሲሆን ሁሉ ነገር ይገለበጣል።»

«እኔ እኮ በግራዬ ነው የምጠቀልለው።»

«አውቃለሁ። ስንቴ አይቼዎታለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ…»

«እሱ ግራኝ ነበር» አለች።

ማን እንደሆነ አልጠየቃትም።

«በግራው ይወረውራል፣ በቀኙ ይጠቀልላል። ሁልጊዜ የምገጥምለት እኔ ነበርኩ። ትናንት በየትኛው እጅዎ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ደንቡ ነው። አልጠየቅሁም። እጄ በራሱ አደረገው።»

ካፒቴኑ መዘውሩን ሲያይ ቆየ።

«እንግዲያው ገባኝ» አለ በመጨረሻ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። «እነዚህን ሁሉ ቅዳሜዎች እዚህ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ለካ የሚታይዎት ከኋላዬ ያለው ሰው ነው።»

«እንደሱ አይደለም።»

«አልተቀየምኩም። በሟች መቅናት ነውር ነው።» እጁን ዘረጋ። «እንዳለ ይስጡኝ። በቀኜ መጠቅለል እማራለሁ። እጄን እቀይራለሁ።»

«አይቀይሩም!»

ድምፅዋ ሁለቱንም አስደነገጣቸው። ከጀርባው ክፍል የማንኪያ ድምፅ ቀጥ አለ።

«የሚገለበጠው መዘውሩ ነው» አለች። «መዘውር የሚገለበጥ ዕቃ ነው፤ ሰው አይገለበጥም። ማንም ለማንም ብሎ እጁን አይቀይርም! እሱም ቢሆን እንዲህ አይወድም ነበር። ይቀመጡ። ይልቅ ጫፉን ይያዙልኝ፤ ክሩ በሙሉ መውጣት አለበት።»

የክሩን ጫፍ ሰጠችው። ካፒቴኑ እየጎተተ በወንበሮቹ መደገፊያ፣ በመደርደሪያው ጠርዝ፣ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ እያዞረ ሄደ። ክሩ እርጥብ ነበር፤ የሐይቁን ሽታ ይዞ ሱቁን ከግድግዳ ግድግዳ ሞላው። እሷ መዘውሩን በሁለት እጇ ይዛ ትለቃለች፤ እሱ ይርቃል፣ ዞሮ ይመለሳል። ሲርቅ መናገር ቀለላት።

«ባሕሩን የመረጥኩልዎት ይሂዱ ብዬ አይደለም።»

ክሩ ተወጠረ፤ ካፒቴኑ ቆሟል።

«የባሕሩ ለሐይቅም ያገለግላል» አለች። «የሐይቁ ግን ለባሕር አይሆንም። የትም ቢሆኑ የሚሆንዎትን ነው የሰጠሁዎት። ይቺን ለገዢ ሁሉ እላታለሁ። ለእርስዎ ብቻ ነው ያላልኳት።»

«ለምን ዋጧት?»

«ልመና መሰለችኛ።»

«እኔ ደግሞ ይምረጡልኝ ስልሽ» አለና ክሩን መዳፉ ላይ አንዴ ጠመጠመው። «ስለ መዘውር መስሎሽ ነው? አንቺ የሐይቁን ብታነሺልኝ ሻንጣዬን ልፈታ ነበር እኮ። ይሄን ብወስድስ ያልኩሽ ለዚያ ነው። አንቺ ‹ነክሶ ይቀራል› አልሽኝ።»

«ይነክሳላ! እውነቱን ነው የነገርኩህ!»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። «እርስዎ» የት እንደቀረ ያስተዋለ የለም።

«አትሂድ ብልህስ ምን ልትሠራ?» አለች ዝግ ብላ። «ጀልባህ ቆማለች። ድልድዩ ላይ ቆመህ ውሃ ስታይ ልትውል? አየዋለሁ እኮ፤ አንድ ዓመት ትስቃለህ፣ ሁለት ዓመት ትስቃለህ። ከዚያ አንተም እንደኔ ትሆናለህ። አንድ ቤት ውስጥ ስንት የደከመ ሰው ይበቃል?»

«እንግዲያው አንቺ ነዪ።»

ቃሉ በክሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ መሰላት። ሰው እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ ወይም የጠራት ረጅም ጊዜ ሆኖታል።

«አባባን ጥዬ?» አለች። «ብቻቸውን…»

«ጥዬ አለች!» የጀርባው በር ተከፈተ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «እኔ ጃንጥላ ነኝ የምጣለው?» አንድ እርምጃ እንደተራመዱ ክሩ አንገታቸው ላይ ዋለ። «ደግሞ ይሄ ምንድነው? ወጥመድ ነው?»

«አይንቀሳቀሱ አባባ፣ ክር ነው» አለ ካፒቴኑ ሮጦ እያነሳላቸው።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ከአንተ ጋር አልጀመርኩም።» ፊታቸውን ምራታቸው ወደቆመችበት አዞሩ። «ልጄ በየቅዳሜው ና እያለች ስታለቅስብኝ አልመጣም የምለው ለምን ይመስልሻል?»

«ለእሱ ብለው ነዋ። ቤቱን ጥለው…»

«ቤቱን ምን ላደርገው? እሱ ግድግዳ ውስጥ አለ? ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ! ይቺ ልጅ እኔን ብላ ቀርታ፣ እኔ እሷን ጥያት ስሄድ ምን ትላለች ብዬ!»

«እኔ እኮ…» አለች ባለዝንቧ። «እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ይኸው!» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ እኔን ስትጠብቂ፣ እኔ አንቺን ስጠብቅ፣ ሱቁ አረጀ። አንድም ቀን አፍ አውጥተን አልተጠያየቅንም። ጥያቄ ለገዢ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሱን እወደዋለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺም ትወጂዋለሽ፤ ይሄንን የሚወስድብን የለም። ግን መዘውር በሕይወት ላለ ሰው ነው የሚገጠመው። በየትኛው እጁ እንደሆነ ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ጠይቂዋ እንግዲህ። ደንብ ደንብ ነው።»

ክሩን በከዘራቸው ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ካፒቴኑና ባለዝንቧ ባንኮኒውን መሀል አድርገው ቆሙ። እንባዋን አልጠረገችም። ለዓመታት እየጠረገች አንድም ሰው አላየባትም፤ አሁን አንድ ሰው ቢያይባት ምን አለበት?

«በየትኛው እጅህ ነው?» አለችው።

ካፒቴኑ ግራ እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ሻካራ ነበር፤ ገመድ የበላው እጅ። እጇን በላዩ አኖረች። ብዙም አልቆየም። እሷ ግን ከብርድ እንደገባ ሰው፣ እስከ ትከሻዋ ሲሞቃት ተሰማት።

ከዚያ መፍቻ አነሳችና መዘውሩን ከፈተችው። ከመሀሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምትዞረውን ትንሽ የብረት ቀለበት አወጣች፤ ገልብጣ መልሳ አስገባቻት፤ ዘጋችው። የዓይን ቅጽበት ሥራ ናት። ካፒቴኑ «ይቺው ናት?» አለ። «ይቺው ናት» አለች። ራሷም ተገረመች።

«ልውሰደዋ» አለ። «አውቶቡሱ እየደረሰ ነው።»

«ክሩ እርጥብ ነው። እርጥብ ክር ጠቅልሎ የሚሰጥ ሱቅ አይደለም ይሄ። እስኪደርቅ እዚሁ ይቆያል።»

«ታዲያ መዘውሬ?»

«አባባን ልጃቸው ጋ አደርስና» አለች፤ ቃላቱ ከአፏ ሲወጡ እያየቻቸው፣ «እኔው ይዤልህ እመጣለሁ።»

ካፒቴኑ የተንጠለጠለውን ክር በጣቱ ነካ አደረገ። «ክር ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«አንድ አሮጌ መዘውር አራት ዓመት ስታመላልስ የምትቸኩል ሰው አትመስልም ነበር።»

ሳቀ። እየሳቀ ሊወጣ ሲል ተመለሰ፤ ባንኮኒው ላይ ካለው አሮጌ መዘውር ላይ መሀረቡን ፈታና አሮጌውን ዕቃ ኪሱ ከተተ።

«ይሄን ተውሻለሁ» አለ። «እመልሳለሁ።»

መሀረቡን ትቶላት ሄደ።

* * *

ክሩ በደረቀ ዕለት አባባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጫፉን በጣቶቻቸው መሀል ይዘው እየለቀቁላት፣ እሷ መዘውሩን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠቅለል ጀመረች። በግራ እጇ ነበር። ያልለመደ እጅ ነውና ይንቀራፈፋል፤ ክሩ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጠብቃል። ውጭ ሐይቁ ጀልባ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ነው። ከፊት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ትፈራዋለች።

«ቀስ በይ» አሉ አባባ።

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«ደከመሽ እንዴ?»

እጇን አቆመች። ጥያቄውን ስትሰማው የመጀመሪያዋ አልነበረም።

«አዎ አባባ» አለች። «በጣም ደክሞኛል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክሩን ትንሽ ላላ አድርገው ለቀቁላት። እሷም መጠቅለሏን ቀጠለች።